የሚደወልበት ቁጥር አለ፤ የሚነገረው ቁጥር ግን የለም

አንዲት የአምባሰል እናት እናስብ። ስኳር እንዳለባቸው ከታወቀ ዓመታት ሆኗቸዋል። ክትትላቸው ደሴ ነው። በቀጠሮው ቀን ሌሊት 10 ሰዓት ይነሳሉ። የጾም ደም ስለሚለካ እህል አይቀምሱም። ከልጅ ልጃቸው ጋር ቁልቁለቱን ወርደው ውጫሌ ላይ መኪና ይጠብቃሉ። ሐይቅን አልፈው ደሴ ሲገቡ ረፍዷል። ካርድ ማውጣት አለ። ወረፋ አለ። ላብራቶሪ አለ። ውጤቱን ይዞ እንደገና ወረፋ አለ። ሐኪሙ ፊት ሲቀመጡ 3 ደቂቃ ቢያገኙ ነው። «እናቴ፣ ስኳርዎ ትንሽ ከፍ ብሏል። መድኃኒቱን በዚያው ይቀጥሉ፤ ከሁለት ወር በኋላ ይምጡ።» አበቃ።

ለዚህች 3 ደቂቃ የአንድ ቀን ሥራ ቀርቷል። ልጁ ከትምህርት ቤት ቀርቷል። የመኪና አለ፣ የምሳ አለ፣ መኪና ከጠፋ የአልጋም አለ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሳይበሉ ያን ያህል መጓዝ ስኳርን መንገድ ላይ ሊያወርደው ይችላል።

ታዲያ ሐኪሙ ስልክ አንስቶ ይህንኑ ቢነግራቸው ምን ነበረበት?

ቴሌሜዲሲን የሚባለው ሲጠቀለል ይኸው ነው። ሐኪምና ታካሚ በአካል ሳይገናኙ በስልክ፣ በመልእክት ወይም በቪዲዮ ሕክምናውን ማስኬድ ማለት ነው። ለስኳር ደግሞ ልክ የተሰፋ ይመስላል። ስኳር እንደ ትርፍ አንጀት አንዴ ቆርጠው የሚገላገሉት በሽታ አይደለም። ዕድሜ ልክ ከቁጥር ጋር መኖር ነው። የሚስተካከለውም በትንሽ በትንሹ ነው። ዛሬ ሁለት ዩኒት ኢንሱሊን ይጨመራል፣ ከሳምንት በኋላ ይታያል፣ እንደገና ይስተካከላል። ለእያንዳንዷ ማስተካከያ አምባሰልን ወጥቶ መውረድ አያስፈልግም ነበር።

ሆኖም የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ላይ ያለ ሐኪምን «የስኳር ታካሚህን በስልክ ትከታተላለህ?» ብትሉት የምታገኙት መልስ «አዎ፣ ግን…» ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ያ «ግን» ነው። ብዙ ጊዜ ቴክኖሎጂን እንደመፍራት ይተረጎማል። አይደለም።

ሐኪሙ ማን ነው?

በሌላው ዓለም በዚህ ጉዳይ ላይ የሚሠሩ ጥናቶች የሚጠይቁት የቤተሰብ ሐኪምን ነው። የራሱ ክሊኒክ፣ የራሱ ታካሚዎች፣ ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተር ያለው ሰው ነው። ወሎ ውስጥ ይህ ሰው የለም ማለት ይቻላል።

በእኛ አወቃቀር ጤና ኬላ ከ3 ሺህ እስከ 5 ሺህ ሰው እንዲያገለግል ነው የታሰበው። የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15 ሺህ እስከ 25 ሺህ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ደግሞ ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሰው ይይዛል። ኬላው ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አለች። ጤና ጣቢያው ላይ በብዛት የምታገኙት ጤና መኮንንና ነርስ ነው። ሕዝቡ «ዶክተር» የሚለው ጠቅላላ ሐኪም የሚገኘው በአብዛኛው ከመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ጀምሮ ነው። ብዙውን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ያልቆየ ወጣት ነው። ቀን ተመላላሽ ያያል፤ ማታ ዲዩቲ ያድራል። ምጥ የጠናባት ትመጣበታለች፤ መኪና የገለበጠው ይመጣበታል። በዚህ መሀል የስኳርና የግፊት ቀን አለ። በዚያ ቀን ኮሪደሩ ላይ መቆሚያ የለም።

የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ከተፈለገ መንገዱ ወደ ደሴ ወይም ወደ ወልድያ ነው። የሆርሞን በሽታዎች ስፔሻሊስት ለብዙው የወሎ ሰው አዲስ አበባ ነው ያለው፤ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር።

ስለዚህ ስለ ሐኪሞች አመለካከት ስናወራ የምናወራው እጁ ስለሞላ ሰው ነው። ቴክኖሎጂ ይፈራል እንዳንል ደግሞ ይህ ወጣት ቀኑን ሙሉ ቴሌግራም ላይ ነው። የራጅ ፎቶ ለጓደኛው ይልካል። የልብ ምርመራ ወረቀት አንስቶ ግሩፕ ላይ ይለጥፍና «ይኼን እንዴት ታዩታላችሁ?» ይላል። ቴሌሜዲሲንን በተግባር ጀምሮታል፤ ስም ብቻ ነው ያላወጣለት።

መውደድና መሥራት

ነገሩ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የሕንዱ ፕሬዚዳንት አብዱል ካላም በ2004 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ሀገራትን በመረጃ መረብ የማገናኘት ሐሳብ ሲያቀርቡ ከሁሉ በፊት የተሞከረው እዚህ ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሃይደራባድ ከተማ ካለ ሆስፒታል ጋር ተገናኘ። ቆይቶ በ8896 ተደውሎ ሐኪም የሚማከርበት «ሄሎ ዶክተር» መጣ። መጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ የኮሮና ጥሪ መቀበያዋ 8335 በሁሉም አፍ ነበረች። ያን ጊዜ ግቢው እንዳይጨናነቅ ለስኳርና ለግፊት ታካሚ የሁለትና የሦስት ወር መድኃኒት በአንዴ ይሰጥ ጀመር። በየወሩ መመላለስ የግድ እንዳልሆነ ብዙዎች ያስተዋሉት ያኔ ይመስለኛል።

ባለሙያዎቹ ምን ያስባሉ? በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የጤና ባለሙያዎች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። ስለ ቴሌሜዲሲን ጥሩ አመለካከት ያላቸው ከግማሽ በላይ ነበሩ። ጥሩ እውቀት ያላቸው ግን ከግማሽ በታች። ወደውታል፣ ገና አላወቁትም ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር በእንዲህ ያለ መጠይቅ ላይ «አይጠቅምም» የሚል ሰው ብዙ አልጠብቅም። «ስፖርት ጥሩ ነው?» ብሎ እንደመጠየቅ ነው። ሁሉም «አዎ» ይላል፤ ጠዋት የሚሮጠው ግን ጥቂት ነው።

በ1989 እ.ኤ.አ. ፍሬድ ዴቪስ የተባለ ተመራማሪ አንድ ቀላል ነገር አስቀምጦ ነበር። ሰው አዲስ ቴክኖሎጂን የሚቀበለው ሁለት ነገር ሲያምን ነው አለ። አንደኛ ይጠቅመኛል ብሎ፣ ሁለተኛ አያስቸግረኝም ብሎ። የእኛ ሐኪም ሁለቱንም ሊያምን ይችላል። እኔ ግን ሁለት ጥያቄዎች የሚቀሩት ይመስለኛል። በየትኛው ቁጥር ተነስቼ ነው የማክመው? ቢበላሽስ የሚጠየቀው ማን ነው?

«ስንት ነበር?»

ስልኩ ጮኸ እንበል። ሐኪሙ አነሳ። የመጀመሪያ ጥያቄው «ስኳርዎ ስንት ነበር?» ነው። እናትየው ቤት መለኪያ የለም። «ኧረ ደህና ነኝ ልጄ፤ ራሴን ብቻ ያዞረኛል» ይላሉ።

ራስ ማዞር ስኳር ሲወርድም አለ፣ ሲወጣም አለ። ግፊትም ያዞራል። ጾም ያደረ ሆድም ያዞራል። ሲወርድ የሚደረገውና ሲወጣ የሚደረገው ደግሞ ተቃራኒ ነው። ከ70 በታች ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥብጦ ቶሎ መጠጣት ነው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደገና መለካት። 400 ገብቶ ማስመለስ ከጀመረ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ነው። መለኪያ በሌለበት ላብ ያጠመቀውንና የሚንቀጠቀጠውን ሰው ስኳር ማጠጣት ይመከራል። ለዚያች ሰዓት ይበጃል። የመድኃኒት መጠን ለማስተካከል ግን አይረባም። በግምት ኢንሱሊን የሚጨምር ሐኪም የለም። ካለም አያድርስ።

መለኪያው በራሱ ብዙ የሚያስቸግር ዕቃ አይደለም። አንዴ ይገዛል። የሚያልቀው የደም ጠብታ የሚነካበት ቁራጭ፣ ስትሪፑ ነው። እያንዳንዱ ማሽን የራሱን ስትሪፕ ነው የሚቀበለው። የወሎ ቤት ደግሞ ያለ አረብ ሀገር አይተረክም። ልጅቱ ከሳዑዲ ጥሩ መለኪያ ገዝታ ትልካለች። አብሮ የመጣው ስትሪፕ በአንድ ወር ያልቃል። ያ ዓይነት ደሴ ይፈለጋል፣ ኮምቦልቻ ይፈለጋል፣ አይገኝም። ማሽኑ ቡፌ ውስጥ ከሲኒዎቹ ጎን ይቀመጣል። እንግዳ ሲመጣ ያየዋል።

ቁጥር ሲባል የትኛው ቁጥር እንደሆነም ልብ ማለት ያስፈልጋል። በቀጠሮ ቀን የሚለካው የጾም ስኳር የዚያችን ጠዋት ብቻ ነው የሚናገረው። ታካሚው ቀጠሮው ሲቃረብ ይጠነቀቃል፤ ፈተና ሲደርስ ደብተር እንደሚያነሳ ተማሪ። ሦስት ሳምንት ሻዩን በስኳር ሲጠጣ ቆይቶ በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ጎበዝ ይሆናል። የሁለትና የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ኤች ቢ ኤ ዋን ሲ የሚባለው ምርመራ ነው። ለብዙ ሰው የሚፈለገው ከ7 በመቶ በታች ነው። ይህን ምርመራ ግን በየመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሉ ዘወትር ማግኘት ከባድ ነው።

ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የጨመቁ ትንታኔዎች ቴሌሜዲሲን ይህን አማካይ ከ0.3 እስከ 0.5 ነጥብ ገደማ እንደሚቀንስ ያሳያሉ። ትንሽ ትመስላለች። ለዓይንና ለኩላሊት ግን ትንሽ አይደለችም። በእነዚያ ጥናቶች ውስጥ ታካሚው ብዙውን ጊዜ ቤቱ ይለካል፤ ቁጥሩን ይልካል፤ ሐኪሙ ወይም ነርሷ መልስ ይሰጣሉ። ለውጡን ያመጣው ይህ ሰንሰለት ነው። እኛ ግን ስልኩን ብቻ ነጥለን አምጥተን ለምን አልሠራም እንላለን።

ሁሉም ሰው በቀን አራት ጊዜ ጣቱን ይውጋ ማለቴ አይደለም። ኢንሱሊን የማይወስድ፣ በክኒን ብቻ ያለ ሰው በየቀኑ መለካቱ ብዙም እንደማይጨምርለት በጥናት ታይቷል። ቅድሚያው ለኢንሱሊን ተጠቃሚው ነው። በክኒን ያለው በሳምንት ሁለቴ ቢለካ በወር 8 ስትሪፕ ቢሆን ነው። ይህ የውጭ ሀገር ፕሮጀክት የሚያስጠብቅ ቁጥር አይደለም።

ካርድ ላይ የማይገባ ንግግር

ሐኪሙ በስልክ «በጠዋቱ ላይ ሁለት ይጨምሩ» አለ። ድምፁ ተቆራረጠ። በዚያኛው ጫፍ «ሁለቴ ይውጉ» ተብሎ ተሰማ። ሌሊት ስኳሩ ወረደ። ነገ ጥያቄ ሲነሳ ሐኪሙ ምን ያሳያል? ካርዱ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ካርዱ ካርድ ክፍል ነው፤ ስልኩ የተደወለው ከካፌ ነው። በቀጣዩ ቀጠሮ ታካሚውን የሚያየው ሌላ ሐኪም ይሆናል፤ እሱም መጠኑ ለምን እንደተቀየረ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

«ቴክኖሎጂ ይፈራሉ» የሚባሉት ሐኪሞች የሚፈሩት ይህንን ይመስለኛል። በአካል ያየውን በሽተኛ ካርድ ላይ ጽፎ ፈርሟል። በስልክ ያናገረውን ግን ሥርዓቱ እንዳየው አይቆጥርለትም። ጥፋት ሲመጣ ብቻ ነው የሚቆጠረው።

ስለ ክፍያም ማፈር የለብንም። ሐኪሙ የሚደውለው በራሱ የስልክ ካርድ ነው። ቁጥሩን ለአንድ ታካሚ ከሰጠ ለቀበሌው ሰጠ ማለት ነው። ከዲዩቲ ወጥቶ ሊተኛ ሲል ሚስኮል ይመጣል። መልሶ ሲደውል «ዶክተርዬ፣ የጎረቤቴ ልጅ ጆሮዋን አሟት ነው» ይባላል። ግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች በደመወዝና በኑሮ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው ነበር። እንዲህ ባለ ሰሞን «በትርፍ ጊዜህ በስልክም አክም» ማለት በቁስል ላይ ጨው ነው።

ጤና መድኑም የተሰናዳው ሰው ተቋሙ ደጅ ሲመጣ ለሚያገኘው አገልግሎት ነው። ወሎ በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሷ ቦታ አላት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ሲሞከር ከአማራ ክልል ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ ተሁለደሬ ነበረች። ያን ጊዜ ገበሬው ሳይታመም ይከፍላል ብሎ ያመነ ጥቂት ነበር። ከፈለ። አሁን ደግሞ ለስልክ ክትትልና ለስትሪፕ የሚሆን ቦታ በመድኑ ውስጥ ቢፈለግ፣ ሙከራው ከዚያው ከሐይቅ ዙሪያ ቢጀመር አይከፋኝም።

ሌላው የምሥጢር ነገር ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። ስልኩ የወንድም ሲሆንስ? ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ኢንሱሊን የምትወጋ ልጅ አለች እንበል። ቤተሰቡ ነገሩን ይዞታል፤ «ስኳር አለባት» ከተባለ የሚጠይቃት ይጠፋል ብለው ይሰጋሉ። የቀጠሮ ማስታወሻ በአጎቷ ስልክ ቢገባ ምን ይሆናል? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች መድቦታል። አዋጁ የአጎትየውን ኪስ ግን አያውቅም። ምዝገባ ላይ «ስልኩ የማን ነው? መልእክት ቢመጣ ማን ያነባል?» ብሎ መጠየቅ ከብዙ የኮምፒውተር ቁልፍ የተሻለ ጥበቃ ነው።

እግርን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ስኳር ነርቭን ሲጎዳ እግር ይደነዝዛል። ገበሬው እሾህ ወግቶት ሳይሰማው ሳምንት ያርሳል። ይህን በስልክ መጠየቅ አይቻልም፤ «እግርዎን ያምዎታል?» ሲባል «አያመኝም» ይላል። ችግሩ አለማመሙ ነው። ጫማ አስወልቆ ማየት የግድ ነው። ዓይንም እንዲሁ ነው። ስልክ ቀጠሮን ይቀንሳል እንጂ አያስቀርም።

ረመዳን፣ ዐቢይ ጾምና ግሸን

ስልክ ያለ ተወዳዳሪ የሚጠቅምበትን ወቅት ወሎ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። በ2017 የካቲት ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ። በአንድ ወንበር ላይ እትዬ ዘነበችና ሼህ ሙሄ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይታያችሁ። አንዷ እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምሱም። ሌላው እስከ መግሪብ ውሃም አይቀምሱም። መድኃኒታቸው አንድ ነው። ሰዓቱ ግን አንድ ሊሆን አይችልም።

ጠዋት ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን ውጦ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። ከንጋት በፊት በሚበላው ሱሑር ላይ የለመደውን ያህል ኢንሱሊን ወግቶ ቀኑን የሚውልም እንዲሁ። የዓለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽን የረመዳን መመሪያ ስኳር ከ70 ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ ጾሙ ይፈታ ይላል። ጣትን ወግቶ መለካት ጾም እንደማያፈርስም ያስረዳል። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ስንት ሰው ያውቃታል? ሰው መለኪያ እያለው እንኳ «ደም ወጣ» ብሎ ይተዋል።

ታካሚው ይህን ጥያቄ ሐኪሙ ፊት አያነሳውም። «አትጹም» እንዳይባል ይፈራል። ዝም ብሎ ይጾማል፤ መድኃኒቱን በራሱ ይቀንሳል ወይም ይተወዋል። ጾሙ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንዲት ነርስ ዝርዝር ይዛ ብትደውልለት ግን ሌላ ነው። «ሊጾሙ ነው አይደል? አብሽሩ፤ አይጹሙ ልልዎት አይደለም፤ መድኃኒቱን በስንት ሰዓት እንደሚወስዱ እንነጋገር» ብትለው ያወራል። 5 ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ግሸንም አለች። መስከረም 21 ከየአቅጣጫው ሰው ወደ አምባዋ ይወጣል። ከመካከላቸው ኢንሱሊኑን ቤቱ ትቶ የሚሄድ አለ። ጠበል ገብቶ መርፌውን የሚያቆምም አለ። ሰውነት ራሱ ኢንሱሊን በማያመርትበት በአንደኛው ዓይነት ስኳር ላይ ኢንሱሊን ማቆም በጥቂት ቀናት ውስጥ ደምን አሲዳማ አድርጎ ሰውን ይጥላል። ከመሄዱ በፊት «ጠበሉንም ይጠጡ፣ መርፌውንም ይያዙ፣ ከፀሐይ ብቻ ይሰውሩት» የሚል አንድ ስልክ ትልቅ ሥራ ይሠራል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። የተከፈተው ከኃይለኛ ሙቀት ከተጠበቀ ወደ አራት ሳምንት ይቆያል። ደሴ ብርድ ላይ ይህ ቀላል ነው። ባቲ ግን ፍሪጅ የሌለው ሰው በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ የሸክላ ማሰሮ ቢያዘጋጅ ይሻለዋል። ይህም በስልክ የሚነገር ምክር ነው።

ከታካሚ በፊት ሐኪም ከሐኪም

የኔ ምርጫ ብዙ ሰው ከሚያስበው ይለያል። ቴሌሜዲሲን ሲባል ታካሚና ሐኪም በቪዲዮ ሲተያዩ ነው የሚታየን። ለወሎ የሚቀድመው ግን ሐኪም ከሐኪም ነው።

በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ሳንጂቭ አሮራ የተባሉ የጉበት ሐኪም በ2003 እ.ኤ.አ. አንድ ነገር ጀመሩ። ታካሚዎች እሳቸውን ለማየት ወራት ይጠብቁ ነበር። እሳቸው ግን ታካሚዎቹን በቪዲዮ ማየት አልጀመሩም። የገጠር ሐኪሞችን በሳምንት አንዴ ሰብስበው በየተራ ታካሚያቸውን እንዲያቀርቡ፣ አብረው እንዲወያዩ አደረጉ። ኤኮ የሚባለው ፕሮጀክት ይህ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲወጣ የገጠሮቹ ሐኪሞች ያከሟቸው የሄፓታይተስ ሲ ታካሚዎች ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከታከሙት እኩል ድነው ተገኙ።

ለምን ይህ ወሎ ላይ ይሠራል? ምክንያቱም የወሎ ስኳር መጽሐፍ ላይ እንዳለው ስኳር ሁሌ አይደለም። በመጽሐፉ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው በብዛት ወፍራምና ጎልማሳ ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ያለው ወጣት ሐኪም ግን ከደላንታ የመጣ ቀጭን፣ ገና 25 ያልሞላው ገበሬ ያገኛል። ስኳሩ 500 ነው። እንደ አንደኛው ዓይነት ደሙ አሲዳማ አልሆነም። ታዲያ ምንድን ነው? ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው ስኳር በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን «አምስተኛ ዓይነት» ተብሎ እውቅና ያገኘው ገና በ2025 እ.ኤ.አ. ነው። ሆላንድ ውስጥ በ1944 እና 45ቱ የረሃብ ክረምት በማኅፀን የነበሩ ልጆች ሲያድጉ ሰውነታቸው ስኳርን የመቆጣጠር አቅሙ ደክሞ ተገኝቷል። የ1977ቱን ድርቅ እዚህ ማስታወስ የግድ ነው። ያኔ በማኅፀን የነበሩት ዛሬ አርባውን አልፈዋል። እዚሁ ራያ ቆቦ ላይ ተመራማሪዎች እነዚህን ሰዎች ተከታትለው ማጥናት ጀምረዋል።

እንዲህ ያለ ታካሚ ፊት ለተቀመጠ ሐኪም የሚያስፈልገው ታካሚውን የሚያሳይ ቪዲዮ አይደለም፤ ታካሚው ፊቱ ነው ያለው። የሚያስፈልገው የሚጠይቀው ሰው ነው። ደሴ ያለ ስፔሻሊስት በሳምንት አንድ ሰዓት ቢሰጥ ስምንት ወይም አሥር ሆስፒታል ይማራል። ታካሚው ሪፈር አይጻፍለትም። ኃላፊነቱም የት እንዳለ ይታወቃል፤ ያከመው ሐኪም ካርዱ ላይ «ከስፔሻሊስት ጋር ተማክሬ» ብሎ ይጽፋል። ከላይ ያነሳሁት ፍርሃት ግማሹ እዚህ ጋ ይቀልላል። ዛሬ ቴሌግራም ላይ በግል ውለታ የሚሠራውን ሰዓትና ፊርማ መስጠት ነው።

ኔትወርክ ሲጠፋ

በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ወሎ ገብቶ ጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ ወደሙ። መድኃኒት ጠፋ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ ደግሞ ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። ይህን ያየ ሐኪም «ሁሉም ነገር በአፕ ይሆናል» ሲባል ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። ትናንት የነበረው ዛሬ ላይኖር እንደሚችል ያውቃል።

ስለዚህ እዚህ የሚያስፈልገው የድምፅ ስልክና አጭር የጽሑፍ መልእክት ነው። ቪዲዮ ካለ ጥሩ። ከሌለም ሥራው እንዳይቆም ሆኖ ቢታሰብ ነው የሚሻለው። መንገድ ሲዘጋም ታካሚው ቤት የሁለት ወር መድኃኒትና የተጻፈ መመሪያ ካለ ያ ራሱ ግማሽ ሕክምና ነው። ስልኩም ከሆስፒታሉ ቢደወል ይሻላል። ለክሊኒኩ አንድ ስልክ፣ አንድ መዝገብ፣ የሚታወቅ ቀንና ሰዓት ይበጅ። ሐኪሙ የግል ቁጥሩን ለማንም አይስጥ። ነርሷ ትደውል፤ ቁጥሩን ትጻፍ፤ የሚያጠራጥረውን ለሐኪሙ ታሳየው። ሐኪሙ ያዘዘውን ታካሚው ደግሞ እንዲናገር ታድርግ። «ምን አልኩዎት? እስቲ ይንገሩኝ» የምትለዋ ጥያቄ «ሁለት» እና «ሁለቴ»ን ትለያለች።

ወደ አምባሰሏ እናት ልመለስ። የልጅ ልጃቸው 7ኛ ክፍል ነው። ቁጥር ያነባል። በወር 8 ስትሪፕ ቢሰጠው ከሒሳብ ደብተሩ ጀርባ ቀንና ቁጥር እያደረገ ይጽፋል። ማክሰኞ ከሰዓት ስልኩ ሲጮኽና ነርሷ «ስንት ነበር?» ስትል ገጹን ገልጦ ያነብላታል። በዚያ ቀን ከትምህርት ቤት አይቀርም።